ስእለትና ዐጥንት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በክርስቲያን ባላገር ልማድ ሲመረመር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቀው የባላባት ልጅና የድኻ ልጅ ተዋደው ሳይታደሉ የቀሩበት ታሪክ ሆኖ ነው። ይህ አነባበብ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት በዲማ ከመገለጡ ከብዙ ዘመን በፊት የበዛብህ ዕድል በማንኩሳ፣ በእናትና በአባቱ አፍ ተወስኖ ነበር። ስለዚህ የታሪኩን ቋጠሮ ለመፍታት የሚፈልግ ሰው ከማንኩሳ መነሣት ይኖርበታል።

ማንኩሳ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት፣ የአንዱ ጓዳ ለሌላው የማይሰወርባት የጎጃም መንደር ናት። ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ ስለ ሞቱባት «ሶሊያና» የሚል ስም ወጥቶላታል። በዚህ ስም ላይ የተቀመጠ ዳኛ የለም፤ አገሩ በአንድ ቃል ስለ ተናገረው ብቻ እንደ ፍርድ ጸንቶ ሴቲቱን ከሰው ይለያታል። እንዲህ ያለች ሴት ከቦጋለ መብራቱ ጋር ተጋብታ የወለደችው ልጅ በታመመ ጊዜ፣ ወላጆቹ ከሞት ቢተርፍ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሊሰጡት ይሳላሉ። ስእለት በባላገሩ ልማድ እንደ ውል የጸና ነው፤ ሰጪዎቹ ወላጆች፣ ተቀባዩ እግዚአብሔር ናቸው። የሚሰጠው ሕፃን ግን አልተጠየቀም። በዛብህ አድጎ ልቡ ወደ ሰብለ ወንጌል ባዘነበለ ጊዜ የወላጆቹ ቃል በገዛ ኅሊናው ውስጥ ከሳሽ ሆኖ ይነሣበታል።

በዲማ የሚታየው ሥርዐት በመልኩ ሌላ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው በዐጥንት የሚመጥን ባል ሲመርጡ፣ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ፣ የልጅቱ የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። ስእለቱ ከወላጅ ፍቅር የመነጨ፣ የዐጥንት ቈጠራው ደግሞ ከኩራት የመነጨ ነው። ሁለቱም ግን ልጅን ሳይጠይቁ ስለ ልጅ ይቈርጣሉ። የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ በጎ አሳቢው ቦጋለና ትዕቢተኛው ፊታውራሪ በአንድ ልማድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይገኛሉ።

ይህ ከቀደመው የአማርኛ ልብ ወለድ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይጐላል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ጦቢያ» ውስጥ ለጋብቻ ዕንቅፋት የሚሆነው የሃይማኖት ልዩነት ነው፤ ንጉሡ ክርስቲያን ሲሆን መንገዱ ይቃናል። በሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ውስጥ ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ እምነት የሚኖሩ ክርስቲያኖች ስለ ሆኑ መጠመቅ የሚፈታው ችግር የለም። ጦቢያ ወንድ መስላ እንደ ተጓዘች ሁሉ ሰብለ ወንጌልም በመነኵሴ ልብስ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች፤ የምታገኘው ግን ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ሆኖም ሁለቱ ፍቅረኞች እምነታቸውን አይክዱም። ደራሲው እምነትን ከልማድ ለይተው የሚመዝኑት በዚህ ነው።

የመጽሐፉ ድካም በጉዱ ካሳ ንግግሮች ላይ ይታያል። የኅብረተ ሰቡን አቋም በድንጋይ ካብ መስሎ፣ የላይኛው የታችኛውን ተጭኖት እንደሚኖር ሲያስረዳ ሐሳቡ ጥልቅ ቢሆንም ታሪኩ ቆሞ ስብከት ይጀምራል። ከንግግሩ ይልቅ የሚያስተምረው ስሙ ነው። ውድነሽ «ሶሊያና»፣ ካሳም «ጉዱ» መባላቸው የተቀራረበ ማኅበር ከልኩ የወጣውን ሰው በቅጽል ስም አስሮ እንዴት እንደሚያኖር ያሳያል። በአንጻሩ የቆሎ ትምህርት ቤቱ ኑሮና የቅኔው ዓለም ሕያው ናቸው፤ ደራሲው ራሳቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋልና።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን የመንደር ኑሮ መወንጀያ ብቻ አድርጎ ማንበብ አይገባም። በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር፣ በደብሩ ዙሪያ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳሰሩት ዕድሩ፣ የጽዋ ማኅበሩና በግንቦት 1 ቀን በየደጁ የሚዘጋጀው የልደታ ድግስ ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሲበተን የተቀራረበ ኑሮ ምን ይሰጥ እንደ ነበር ግልጽ ሆኗል፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም። በከተማው ዕድር ሰው ፈቅዶ ይገባል፣ መዋጮ ይከፍላል፣ ሲሻም ይወጣል። የማንኩሳ ልጅ ግን ተወልዶ ይገባል፤ መውጫውም ስደት ነው።

ታሪኩ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር ያለቀሰበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስልም። አድማጩ በበዛብህ ውስጥ ያየው በሚወዱት ወላጆቹ ቃል የታሰረን ልጅ ነው። የባላገሩን ልማድ የሚያጠና ሊቅም ይህን ልብ ወለድ እንደ ማስረጃ ሲጠቀም፣ ጉዱ ካሳ የሚናገረውን የደራሲው ፍርድ፣ ውድነሽና ቦጋለ የሚያደርጉትን ደግሞ የልማዱ ምስክርነት አድርጎ ለይቶ ቢይዝ ይጠቀማል። ፍርዱ ሊያከራክር ይችላል፤ ምስክርነቱ ግን ከብዙ የጥናት መዝገብ የበለጠ የታመነ ነው።