የተቃጠለው ደብዳቤና ነጩ ቱሊፕ፦ ፍቅርና ጸጸት በ«ፍሪንጅ» ተከታታይ ድራማ

«ፍሪንጅ» እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 በአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን የታየ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ነው። ነገረ መለኮት ላስተምር ብሎ አልተነሣም። ሆኖም «ነጭ ቱሊፕ» የተሰኘው የሁለተኛው ምዕራፍ ክፍል፣ በስብከቶቻችን ብዙ ጊዜ የምናደባልቃቸውን ጸጸትንና ንስሐን ለይቶ ያሳየናል።

ሳይንቲስቱ ዋልተር ቢሾፕ ልጁ ፒተር በሕመም ሞቶበታል። በ1985 ወደ ትይዩ ዓለም ተሻግሮ፣ በዚያም በዚያው ሕመም ሊሞት የነበረውን ሌላውን ፒተር ያመጣዋል። አሳሰቡ አክሞ ሊመልሰው ነበር፤ እናቲቱ ልጁን ስታይ ግን መመለሱ ቀረ። ያነሣሣው ፍቅር መሆኑን አልክድም። በዚያ ፍቅር ግን የሌላ አባት ልጅ ተሰረቀ፤ የዚያኛው ዓለም ተፈጥሮም መፈራረስ ጀመረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋልተር እውነቱን በደብዳቤ ይጽፋል፤ ለልጁ መስጠት ግን ያቅተዋል። ይቅር መባሉን የሚያረጋግጥለት ምልክት እንዲሆንም ከእግዚአብሔር ነጭ ቱሊፕ ይጠይቃል።

በዚህ መካከል የሚያገኘው የፊዚክስ ሊቅ አሊስተር ፔክ፣ በመኪና አደጋ የሞተችውን እጮኛውን አርሌትን ለማዳን በጊዜ ወደ ኋላ ይጓዛል። በሙከራው የባቡር ተሳፋሪዎች ይሞታሉ፤ እርሱ ግን ጊዜው ስለሚመለስ እንዳልሞቱ ይቆጥራቸዋል። ፔክ የሚሻው የሆነው ነገር እንዳልሆነ እንዲሆንለት ነው፤ ዋልተር ደግሞ የሆነው ይቅር እንዲባልለት። ወንጌል የሚሰጠው ሁለተኛውን ነው። ከሙታን የተነሣው ጌታ እንኳ የችንካሩ ምልክት ከእጁ አልጠፋም።

ፔክ በመጨረሻ እጮኛውን ማዳኑን ትቶ መኪናዋ ውስጥ ይገባል፤ እንደሚወዳት ነግሯት አብሯት ይሞታል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ እኔ ግን መሥዋዕት ልለው ይከብደኛል፣ ማንንም አላዳነበትምና። የሚበልጠው ሥራው አስቀድሞ ለዋልተር የላከው ወረቀት ነው፤ በላዩ የተሣለው ነጭ ቱሊፕ ነው።

ወረቀቱ የሚደርሰው ግን ዋልተር የኑዛዜ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ከጣለ በኋላ ነው። ጸጋ ቀዳሚ ነው ብለን የምናስተምር ሰዎች በዚህ ደስ ሊለን ይችላል። እውነት ነው፣ ጌታ ወደ ዘኬዎስ ቤት የገባው ዘኬዎስ ገንዘቡን ከመመለሱ በፊት ነው። ዘኬዎስ ግን ከዚያ በኋላ ቆሞ የበደላቸውን ሰዎች አነሣ፤ አራት እጥፍም ሊከፍላቸው ቃል ገባ። ዋልተር ምልክቱን ይዞ ዝም አለ። በምክር አገልግሎት ላይ ያለን መጋቢያን ይህን ዝምታ እናውቀዋለን፤ ሰውየው ጌታ ይቅር ብሎኛል ይላል፣ ሚስቱ ግን ገና አልሰማችም። አንዳንዴም እንዲህ እንዲል ያስተማርነው እኛው ነን።

ደራሲዎቹ ዋልተርን በዚህ አላለፉትም። በሚቀጥለው ክፍል ፒተር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ እውነቱን በራሱ ይደርስበታል፤ ከአባቱ አፍ አልሰማውም። ትቶትም ይሄዳል። በ2013 በታየው የመጨረሻ ክፍል ያው የቱሊፕ ሥዕል በፖስታ ለፒተር ይደርሰዋል፤ የላከው ዋልተር ነው።