ፍንጭቷን ሳይደፍኑ

ስለ ፊት ጥርስ ተከላ የሚያስተምሩ መጻሕፍት የሚያሳዩት ፈገግታ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥርሶቹ ገጥመው የተሰደሩ፣ ድዱ ሮዝ፣ የጥርሱ ጫፍ ያልተነካ። ከጎንደር ገጠር፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ወንበሬ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች አፍ ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። አንዷ ፍንጭት ናት፤ የሌላዋ ድድ ከልጅነቷ ጀምሮ የተነቀሰ ነው፤ የአዛውንቱ ጥርስ ጫፍ በገብስ ቆሎ ተሞርዶ አጥሯል። ለእነዚህ ሰዎች የተፈጥሮ የሚመስል ጥርስ ማለት አገር የሚያውቀውን መልካቸውን የሚመልስላቸው ጥርስ ነው። እኔም ስሠራ የምከተለው መጽሐፉን ሳይሆን ሰውየውን ነው።

የፊት ጥርስ የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። በቅሎ ይረግጣል፣ ዱላ ያርፋል፣ ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፤ ሳይታከም የቆየ የድድ በሽታም ደህና የሚመስለውን ጥርስ ያነቃንቀዋል። በሕፃንነቱ «ግግ» ተብሎ ድዱ በስለት የተከፈተ ልጅ ካደገ በኋላ በዚያ በኩል ያለው ጥርሱ ሳይወጣ ሊቀር ወይም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ በፊት ዕድሜ እጠይቃለሁ። ፊቱ አድጎ ላልጨረሰ ልጅ አልተክልም፤ መንጋጋው ሲያድግ የተተከለው ባለበት ስለሚቀር ከአጠገቡ ካሉት ወደ ላይ የተሰበሰበ ይመስላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጊዜያዊ ጥርስ ከጎን ጥርሱ ጋር አጣብቄ፣ ዕድገቱ እስኪያበቃ ጠብቅ እለዋለሁ።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ልብ እያዘነ እሱ ይስቃልና። እኛ የምንተክለው ደግሞ በትውልዱም ባዳ ነው፤ የቲታኒየም ብሎን። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሉንድ ከተማ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ሲል አጥንቱ አልለቅ አለው። ከዚያ በመነሳት በ1965 በዮተቦርግ ለመጀመሪያው ታካሚ ተከለ። አጥንት ይህን ብረት ከራሱ አካል ሳይለይ ይዞት ያድራል፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል።

የፊት ጥርስ ላይ ግን ብሎኑ መያዙ ብቻ አይበቃም። የላይኛውን የፊት ጥርስ በከንፈር በኩል የሚሸፍነው አጥንት ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ጥርሱ ሲነቀል ያ ስስ ግድግዳ ይሟሟል፤ በ1 ዓመት ውስጥ የቦታው ስፋት በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኛው የሚቀንሰውም በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ስለዚህ ብሎኑን ወደ ላንቃ ጠጋ አድርጌ፣ በከንፈር በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥንት እንዲተርፍ፣ ከጎን ጥርስም ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ እተክላለሁ። ወደ ከንፈር ያዘነበለ ብሎን ውሎ አድሮ ድዱን ያሸሸዋል፤ ድዱ ሲሸሽ ጥርሱ ይረዝማል፤ ያን ጊዜ የሸክላ ጥርሱ ማማር ምንም አይጠቅምም። ለዚህ ነው በየገጠሩ ላሉ ባለሙያዎች የተሰበረ የፊት ጥርስ ሥር ሲያገኙ፣ መግል ወይም ከባድ ሕመም ከሌለው፣ ለመንቀል አትቸኩሉ የምለው። ያ ሥር አጥንቱን ይዞ ያቆይልኛል።

ፍንጭት ሲመጣ ስሌቱ ይለወጣል። ብሪጅ የሚባለው ተገጣሚ ጥርስ ጥርሶችን አያይዞ የሚሠራ በመሆኑ በመካከላቸው ክፍተት ለመተው ያስቸግራል፤ የተተከለ ጥርስ ግን ለብቻው ስለሚቆም ክፍተቱን እንዳለ ይተወዋል። ተመራማሪው ዴኒስ ታርኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 እንዳሳዩት፣ ሁለት ጥርሶች የሚነካኩበት ቦታ ከአጥንቱ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከራቀ፣ በመካከል ያለው የድድ ጫፍ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ክፍተቱን ይሞላል። ፍንጭት ላይ ግን ጥርሶቹ አይነካኩም፤ ድዱም ዝቅ ብሎ ይተኛል። እዚያ ድዱን በግድ ሾጣጣ ለማድረግ መታገል የሰውየውን መልክ መቀየር ነው። አንዲት እናት፣ «ዶክተር ልጄ፣ ፍንጭቴን እንዳትደፍናት። እኛ ቤት ሁሉም ፍንጭት ነው» አሉኝ። ሁለቱም የፊት ጥርሶቻቸው ስለሌሉ የክፍተቱን ስፋት የሚነግረኝ ነገር አልነበረም፤ መታወቂያቸው ላይ አፋቸው ዝግ ነው። «እንግዲያው እማማ፣ በሚቀጥለው ሲመጡ ታናሽዎን ይዘውልኝ ይምጡ» አልኳቸው። የእህትየውን ፍንጭት ለክቼ ሠራሁ።

የተነቀሰ ድድ ደግሞ መጻሕፍቱ ጨርሶ የማያውቁት ነገር ነው። በጎንደር ገጠር የብዙ እናቶች የላይ ድድ በመርፌና በጥላሸት ተነቅሶ ጠቁሯል። የሳሳ ድድ ለማወፈር ከላንቃ ተቆርጦ በላዩ የሚሰፋው ሥጋ ፈዛዛ ስለሆነ ጥቁሩ መካከል እንደ እራፊ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የላንቃውን ሥጋ ከንቅሳቱ ሥር አሾልኬ አስገባዋለሁ እንጂ ላዩ ላይ አልለጥፈውም፤ ስቆርጥም ንቅሳቱ የት እንደሚያበቃ አይቼ ነው፤ ስሰፋም ጥቁሩን ከጥቁሩ አጋጥማለሁ። ንቅሳቱ ለእኔም ውለታ አለው፤ በስስ ድድ ውስጥ የሚያሳብቀውን የብረት ግራጫ ይሸፍንልኛል።

አጥንት ሲጎድል የምንሞላበት ዱቄት ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንት የሚሠራ ነው፤ በላዩ የምናለብሰው ስስ ሽፋን ግን ከአሳማ የሚሠራም አለ። የአሳማ ሥጋን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አይበላም። የምጠቀምበት ነገር ከምን እንደተሠራ ሳልናገር አልጀምርም፤ ካልፈለጉት ከከብት የተሠራውን ሽፋን አመጣለሁ። አፉ የታካሚው ነው፤ በአፉ ምን እንደሚገባ የሚወስነውም እሱ ነው።

ቀለም ሲመረጥ ወንበሩ ዙሪያ ሰው ይበዛል። ገንዘቡን የላኩት ልጆች ከዋሽንግተን በስልክ፣ «ነጭ ይሁንላት» ይላሉ። አንድ ወተት የመሰለ ጥርስ በስድሳ ዓመት ጥርሶች መካከል ሲቆም ግን የሚናገረው አርቴፊሻልነቱን ነው። ቀለሙን ጥርሱ ምራቅ ሳይደርቅበት በቀን ብርሃን እመርጣለሁ፤ ጥርሱን ለሚሠራው ቴክኒሽያንም ፎቶግራፍ ከነመግለጫው እልካለሁ፤ አንገቱ ጋ ብጫ፣ መሐሉ ላይ ስንጥቅ፣ ጫፉ የተሞረደ። ልጆቹ ውጤቱን ሲያዩ መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ እናትየው ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ሳትጥል ስትስቅ ያያሉ።

ሥራው ከገበሬው ዘመን ጋር መሄድ አለበት። አጨዳና ውቂያ ሲያበቃ ጥር ላይ ከተተከለ፣ ክረምት መንገዱን ሳያከብድ በግንቦት ቋሚው ጥርስ ይገጠማል። በመካከሉ ዐቢይ ጾም አለ፤ የጾም ወዳጅ ደግሞ ቆሎ ነው። እስከዚያ የሚቆየውን ጊዜያዊ ጥርስ ከታችኛው ጋር እንዳይነካካ አሳጥሬ፣ ቆሎ በፊት ጥርስ እንዳይነክሱ አስጠነቅቃለሁ። ይህ ጊዜያዊ ጥርስ ቦታ መያዣ ብቻ አይደለም፤ አጥንቱ ብሎኑን ከያዘ በኋላ አንገቱን ጥቂት በጥቂት እየሞላሁና እየሞረድኩ ድዱን የምቀርጸው በእሱ ነው።

ከመግጠሜ በፊት፣ «እስቲ ነፋስ መውጫ በሉ» እላቸዋለሁ። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ስም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ «ፋ» ሲሉ የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ለስለስ አድርጎ መንካት አለበት፤ «ስ» ሲሉ አየሩ ሳያፏጭ መውጣት አለበት። ረዝሞ ከሆነ ከንፈር ላይ ይጫናል፤ አጥሮ ከሆነ «ፋ» አየር ብቻ ይሆናል።

የተተከለ ጥርስ ዙሪያው ቢታመም እንደ ተፈጥሮው ቶሎ አያምም፤ አጥንቱ ዝም ብሎ ይበላል። ስለዚህ መፋቂያቸውን ጫፉን በደንብ አኝከው አለስልሰው እንዲጠቀሙ፣ በጥርሶቹ መካከልም በክር እንዲያጸዱ አሳያለሁ፤ በዓመት አንዴ መታየት ለማይችል ሰው ግን ከተከላ ይልቅ ተነቃይ ጥርስ ወይም ብሪጅ ይሻላል ብዬ በግልጽ እነግረዋለሁ። መንገድ ተዘግቶ ሳለ ስማዳ፣ ወገዳ ላይ ጥርሱን የሚያስረው ትንሽ ብሎን ቢላላ እኔ ጋ መድረስ አይቻልም። የየፋብሪካው ብሎን መፍቻ ደግሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ የተተከለውን ብሎን ስም፣ ስፋት፣ ርዝመትና የተተከለበትን ቀን ካርድ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ለታካሚው እሰጣለሁ፤ ፎቶውንም ስልኩ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ደብረ ታቦርም ሆነ ባሕር ዳር የሚያገኘው ባለሙያ ምን መፍቻ እንደሚይዝ ማወቅ አለበት። ጥርሱ አምሮ ካርዱ ካልተሰጠ ሥራውን ጨርሻለሁ አልልም።