ካርቡራቶሩ የሚችለውን ያህል

ኤምጂቢ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ቁልፉ ሲዞር ከቀኝ የኋላ ጎማ አካባቢ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ቀጥሎ ይረግባል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ጤና ነው፤ ፓምፑ ካርቡራቶሮቹን ሞልቶ ዐረፈ ማለት ነው። ሳያቋርጥ ሲንቀጫቀጭ ከቆየ ወይ ሰርባቶዮው ባዶ ነው፣ ወይ በመሳቢያው ቱቦ አየር እየገባ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ በየጊዜው አንዴ ቀጭ የሚል ከሆነ ቤንዚኑ አንድ ቦታ ላይ እየፈሰሰ ወይም ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው።

እኔ በምሠራበት በቨርጂኒያ እነዚህ መኪኖች ዛሬም ይገኛሉ። ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን ውስጥ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል፤ አብዛኛውም ወደ አሜሪካ ነው የተላከው። ወደኔ የሚመጡት ባለቤቶች ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ናቸው። የብርዱን ወራት መኪናውን ሸፍነው ያስቀምጡትና በሚያዝያ ሊያስነሱት ሲሉ እምቢ ይላል። ከዚያ ደውለው የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ፓምፕ ቀይርልኝ፤ ግን ጠንከር ያለ ይሁን።»

ጠንከር ያለ አያስፈልግም። ሂሳቡን እንሥራው። የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች 95 የፈረስ ጉልበት አላቸው። እንዲህ ያለ ሞተር ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሲሮጥ በሰዓት ወደ 30 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል፤ ደግሞስ በዚህ አገር መንገድ ላይ ሰዓት ሙሉ ረግጦ የሚሄድ ማን ነው? ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የኤስዩ ፓምፕ ግን በሰዓት ከ60 ሊትር በላይ ይገፋል። እጥፍ ማለት ነው። ጤነኛ ፓምፕ ያለው ኤምጂቢ ቤንዚን አነሰኝ ቢል ጥፋቱ የፓምፑ አቅም አይደለም።

ዋናው ቁጥር ግፊቱ ነው። በካርቡራቶሩ ጎን ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ በምንሰቅለው የውሃ ሮቶ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይልና በመርፌ መሰል ቫልቭ መግቢያውን ይዘጋል። መርፌዋን የሚደግፋት ተንሳፋፊው ብቻ ስለሆነ የምትችለው ግፊት ጥቂት ነው፤ ወደ 3 ፒ.ኤስ.አይ. ቢሆን ደስ ይላታል። 6 ወይም 7 ከመጣባት ትሸነፋለች። ቤንዚኑ ጎድጓዳውን አልፎ በትርፍ ማስወጫው ቱቦ ወደ ታች ይወርዳል። በኤምጂቢ ሞተር ላይ ደግሞ ካርቡራቶሮቹና የጭስ ማውጫው ሁለቱም በግራ በኩል ናቸው። የሚፈሰው ቤንዚን የሚወርደው ከጋለ ብረት አጠገብ ነው። የኢንጄክሽን መኪና ፓምፕ ይዘውልኝ የሚመጡ አሉ፤ አዲስ ነው፣ ርካሽ ነው እያሉ። እሱ የሚገፋው ከ40 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ቢጨመርልኝም አልገጥምም።

የድሮው የኤስዩ ፓምፕ አሠራር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ኤሌክትሪኩ ቤንዚን አይገፋም፤ ዲያፍራሙን ወደ ኋላ ይስብና ይለቀዋል። የሚገፋው ስፕሪንጉ ነው። ካርቡራቶሩ ሲሞላ ስፕሪንጉ የሚገፋበት ቦታ ያጣና ባለበት ይቆማል። ግፊቱ ከስፕሪንጉ ጉልበት በላይ ሊሆን አይችልም። መቆጣጠሪያ የለው፣ የሚስተካከል ነገር የለው፤ ልኩ አብሮት ተሠርቷል። ድካሙ ፑንቲናው ላይ ነው። መኪናው ለወራት ሲቆም ፑንቲናው ይቆሽሽና አይገናኝም። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ መታ ሲደረግ መሥራት የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ዘዴ ዓመታት ይኖራል፤ እኔ ግን አንዴ መታ ተደርጎ የሠራ ፓምፕ ይዞ ረጅም መንገድ መውጣትን አልመክርም።

ስለዚህ ምርጫዬ ግልጽ ነው፦ ያው የኤስዩ ፓምፕ፣ ፑንቲናው በኤሌክትሮኒክስ የተተካው። ዛሬም ሶልዝበሪ በሚገኘው በርለን በተባለው ድርጅት ይመረታል። ቦታው ላይ ልክ ይቀመጣል፣ ቱቦዎቹ ይገጥማሉ፣ ድምፁም ያው ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ባለቤቶቹ የገለበጧቸውም አሉ። ኤሌክትሮኒክ ፓምፕ በተገላቢጦሽ ከተገናኘ ይቃጠላል። ከማዘዛችሁ በፊት የባትሪው የትኛው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር እንደታሰረ በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛው ምርጫ ፋሴት የሚባለው ትንሹ ባለ አራት ማዕዘን ፓምፕ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ችግሩ ከ1.5 እስከ 4 ፒ.ኤስ.አይ. የሚገፋውና ከ4 እስከ 7 የሚገፋው መልካቸው አንድ መሆኑ ነው። የሚለያቸው የተጻፈባቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ ሻጩም ሁልጊዜ አያውቀውም። ሦስተኛው በራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሽከረከረው፣ ለትላልቅ የአሜሪካ ሞተሮች የተሠራው ፓምፕ ነው፤ ይጮኻል፣ ግፊቱም ይበዛል። እሱን ገጥሞ በግፊት መቀነሻ ማስታገስ ይቻላል ይላሉ። ይቻላል። ግን ያልተፈለገ ግፊት ገዝቶ፣ እሱን የሚቀንስ ሌላ ዕቃ መግዛት፣ ሊያፈሱ የሚችሉ ተጨማሪ መጋጠሚያዎች መፍጠር ምን ይባላል? መቀነሻው ላይ ያለውን ቁጥርም አላምነውም፤ በጌጅ እለካዋለሁ።

አዲስ አበባ ቮልስ የሠራ ሰው ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቀዋል። የቮልስ ፓምፕ መካኒካል ነው፤ ግፊቱ የሚስተካከለው ከሥሩ በሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ውፍረት ነው። ጓርኒሲዮን ሲሳሳ ዘንጉ አብዝቶ ይገፋል፣ ካርቡራቶሩም ያጥለቀልቃል። በመካኒካል ፓምፕ ላይ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ሊገባ ይችላል። እንዲህ ዓይነት መካኒካል ፓምፕ ያለው ዳትሰን 240ዜድ ያላችሁ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት እንደሆነ አሽትቱ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ከሚመጡልኝ «የሞቱ» ፓምፖች ብዙዎቹ አልሞቱም። የፓምፑ ማሳ ዝጓል፤ የኋላው ጎማ ውሃና ጭቃ የሚረጨው እዚያው ነው። ወይም ሰርባቶዮው ውስጥ ዝገት ተከማችቷል። ወይም የሰርባቶዮው ማስተንፈሻ ተደፍኗል፤ ክዳኑ ሲከፈት አየር ፉት ብሎ ከገባ መልሱ እሱ ነው። መጀመሪያ ፓምፑ ጋ የሚደርሰውን ቮልት እለካለሁ። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገቤ አድርጌ፣ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ነቅዬ ወደ ጣሳ እለቃለሁ። በግማሽ ደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ከሰጠ ፓምፑን አልነካውም።

ፓምፕ ሲቀየር ቱቦውም ይቀየር። እዚህ አገር የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ የድሮ ጎማ ይህን አይችለውም፣ ከውስጥ ይፈረፈርና ፊልትሮውን ይደፍናል። ኤስ.ኤ.ኢ. 30አር9 የሚል የታተመበትን ቱቦ ግዙ። በፓምፑ መስመር ላይም የግጭት ማቋረጫ አስገቡበት፤ መኪናው ሲጋጭ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ያለሱ ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ የተበጠሰ ቱቦ ካለ ፓምፑ ቤንዚኑን መሬት ላይ ማፍሰሱን ይቀጥላል።

የወለቀውን የኤስዩ ፓምፕም መካኒኩ ጋ ትታችሁ አትሂዱ። ዲያፍራሙ፣ ፑንቲናው፣ ቫልቮቹ ሁሉም ለየብቻ ይሸጣሉ፤ ታድሶ ፖርታባጋይ ውስጥ ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጥላችኋል።