ቦክሰኛን የሚሠራው ተጋጣሚው ነው

ሐዋሳ ላይ ቦክስ የጀመረ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታዘዘው ሩጫ ነው፤ ማለዳ በሐይቁ ዳር፣ ጉልበቱ ሲጠና ደግሞ ታቦር ተራራን ሽቅብ። ልማዱ መልካም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያደገ ልጅ ሦስቱን የሦስት ደቂቃ ዙሮች የሚጨርስበት ትንፋሽ አያጣም። ነገር ግን አገራችን እስከ ዛሬ በኦሊምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ የአትሌቲክስ ናቸው፤ በቡጢ አንድም የለንም። ትንፋሽ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ከብዙዎች ቀድመን በደረስን ነበር። ቦክሰኛን ለዓለም ደረጃ የሚያበቃው ተጋጣሚን የማንበብ ችሎታ ነው እላለሁ፤ እሱ ደግሞ በሩጫም፣ ከረጢት በመደብደብም አይገኝም።

ጥሩ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ከተሰነዘረ በኋላ አይቶ ማምለጥ ለማንም ይከብዳል፤ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። የበሰለ ቦክሰኛ የሚያየው ከእጅ በፊት የሚንቀሳቀሰውን ነው፦ የትከሻውን መዞር፣ የፊት እግሩን አረጋገጥ፣ ክብደቱ ወዴት እንዳጋደለ። ይህን ዓይን የሚያሠለጥነው የተጋጣሚ ብዛትና ዓይነት ነው። አምስት ስድስት ልጆች ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ ብቻ ሲጋጠሙ ሁሉም ማንበብ የቻሉ ይመስላቸዋል፤ የያዙት ግን የጓደኛቸውን አመል ነው። አንድ ግራኝ ሲመጣባቸው የለመዱት ሁሉ ይገለበጣል። ዩክሬናዊው ቫሲሊ ሎማቼንኮ በአማተርነት ዘመኑ 396 ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተረትቷል፤ ያቺ ሽንፈትም እ.ኤ.አ. በ2007 በቺካጎው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በሩሲያዊው አልበርት ሰሊሞቭ የደረሰችበት ናት። በዓመቱ ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ያንኑ ሰው አሸንፎ ወርቁን ወሰደ። እኔ እንደምረዳው በዚያ አንድ ዓመት የጨመረው ትንፋሽ ሳይሆን ሰውየውን ማወቅ ነው።

ዋናው የተፈጥሮ ጉልበት ነው የሚሉም አሉ፤ ማስረጃም አያጡም። አሜሪካዊው ዲኦንቴይ ዋይልደር በ20 ዓመቱ ጀምሮ በቀኝ እጁ ኃይል በ2008 የኦሊምፒክ ነሐስ፣ በ2015 የዓለም የከባድ ሚዛን ቀበቶ አግኝቷል። ያው እጅ ግን ተጋጣሚው ታይሰን ፊዩሪ በደንብ ካጠናው በኋላ አላዳነውም፤ በ2020 በሰባተኛው ዙር ተሸነፈ። «የእኛ ሰውነት ለቡጢ አይሆንም» ለሚሉት ደግሞ ጎረቤታችን ኬንያ መልስ ናት። እንደኛው የሯጮች አገር ሆና ፊሊፕ ዋሩይንጌ በ1968 ነሐስ፣ በ1972 ብር አምጥቶላታል፤ ሮበርት ዋንጊላ ደግሞ እኛ ባልተካፈልንበት የ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ወርቅ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የጤናው ነው፦ ግጥሚያ በበዛ ቁጥር ጭንቅላት ይጎዳል። እውነት ነው፤ ጉዳቱም ዓመታት ቆይቶ ሊገለጥ ይችላል። ዱላ የሚችል ልጅ «ጀግና» እየተባለ ሲጨበጨብለት የምቆጨው ለዚህ ነው፤ ያ ጭብጨባ መከላከል እንዳይማር ያደርገዋል። ለማንበብ ግን ኃይለኛ ምት አያስፈልግም። ጃብ ብቻ የተፈቀደበት ዙር፣ አንዱ እያጠቃ ሌላው የሚከላከልበት ዙር፣ ጭንቅላት የማይነካበት ዙር ዓይንን ያሠለጥናሉ፤ አእምሮንም ይጠብቃሉ። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያገኘ የሐዋሳ አሰልጣኝ ሁለተኛ ከረጢት ከመግዛቱ በፊት ልጆቹን ሶዶ ወይም አዲስ አበባ የሚያደርስ የትራንስፖርት ወጪ ያስብ። ሻሸመኔማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ልጁ ጠዋት ሄዶ ከማያውቀው ተጋጣሚ ጋር ጥቂት ቀላል ዙሮች ሠርቶ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።