ሳይለኩ መለወጥ፦ በመኪና የውጭ ሙቀት ሴንሰር ምርመራ ላይ የቀረበ ሂስ

በቦሌ፥ በገርጂና በመገናኛ ጋራዦች ደጋግመን ያየነው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም የተጠረጠረውን ዕቃ ሳይለኩ መለወጥ ነው። የዚህን ልማድ ስሕተት የውጭ ሙቀት ሴንሰር በግልጥ ያሳየናል።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ቢሆንም፥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚሆን ብርድ አያውቅም። ዳሽቦርዱ ይህን ካሳየ ሐሰተኛ ምስክር ነው። የሴንሰሩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ሙቀት ሲጨምር ይቀንሳል፥ ብርድ ሲበረታ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሽቦው ሲበጠስ መኪናው ነገሩን እንደ ከባድ ብርድ ይተረጕመዋል። በብዙ መኪናዎችም ውጭው የቀዘቀዘ ሲመስል የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር አይነሣም። እንግዲህ ባለመኪናው አዲስ ኮምፕሬሰር ይገዛል፤ በሽታው ግን የፊት መከላከያው ሲጠገን የተበጠሰ ሽቦ ነበር።

በአንጻሩ በመገናኛ መጨናነቅ ቆሞ 35 ዲግሪ የሚያሳይ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም፤ ሴንሰሩ የሞተሩንና የአስፋልቱን ሙቀት ይቀበላልና። ጕዞ ሲቀጥል ቍጥሩ ከወረደ ጤነኛ ነው።

ሙግታችን ከባለሙያው የእጅ ብልኀት ጋር አይደለም። ሶኬቱን ነቅሎ ኦሙን በቴስተር መለካትና ከፋብሪካው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ጥቂት ደቂቃ ነው። ሴንሰሩ በእጅ ሲሞቅ ኦሙ ካልወረደ ይለወጥ፤ ከወረደና ከሠንጠረዡ ከተስማማ ሽቦው ይፈተሽ። አለዚያ ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።