ሽሉ በዓባይ በረሃ አይወርድም

ከደጀን የሚመጡ ባልና ሚስት አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁኝ አይሄዱም፦ «ዶክተር፣ ዓባይ በረሃን እንዴት ነው የምንሻገረው?» አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ባል ነው። ሚስት አንገቷን ደፍታ መልሱን ትጠብቃለች። እኔም ደጀን ተወልጄ ስላደግሁ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላጣውም። ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው። የመጨረሻው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ አልፎ፣ በወዲያኛው ወገን ዳገት የሚወጣ ነው። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚያጣምመው መንገዱ ተጠግኖ አያልቅም ማለት ይቻላል። ስንት ገንዘብና ስንት ዓመት የፈሰሰበትን ሽል ማህፀኗ ውስጥ ይዛ በዚያ ላይ በሚኒባስ መናጧ ለሰሚውም ይከብዳል።

መልሴ አጭር ነው፦ እንደማንኛውም ሰው ትሻገሪያለሽ። ይህን ብዬ ብቻ ካሰናበትኳቸው ግን አያምኑኝም፤ ደብረ ጽጌ ሳይደርሱ ባልየው ሾፌሩን «ቀስ በል» እያለ መለማመን ይጀምራል። ስለዚህ ሥራውን ራሱን አስረዳለሁ።

በአይቪኤፍ ሕክምና ሴትየዋ እንቁላል እንዲበስልላት ለቀናት መርፌ ትወጋለች። እንቁላሎቹ ይወጣሉ፣ በቤተ ሙከራ ከባሏ ዘር ጋር ይገናኛሉ፣ በኢንኩቤተር ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቀን ሽሉ ከ6 እስከ 8 ሕዋሳት ይኖሩታል፤ በአምስተኛው ቀን ከመቶ ያልፋል። ያን ጊዜም ቢሆን መጠኑ ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ አይበልጥም። ትራንስፈር የምንለው ይህን ሽል ወደ ማህፀን የመመለሱን ሥራ ነው። ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ከሕክምናው ሁሉ ቀላል የሚመስለው ይህ ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም የበለጠ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው።

ሴትየዋ ውኃ ጠጥታ ሽንቷን ይዛ ትገባለች። የሞላ ፊኛ ወደ ፊት ያዘነበለውን ማህፀን ቀና ያደርገዋል፤ በሆድ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድም በእሱ በኩል አጥርቶ ያያል። ከክፍላችን ጎን ቤተ ሙከራው አለ፣ በመካከል ትንሽ መስኮት። የሽል ባለሙያዋ፣ ኤምብሪዮሎጂስቷ፣ በመስኮቱ ብቅ ብላ ስም ትጠይቃለች። ሴትየዋ የራሷንም የባሏንም ስም እስከ አያት ድረስ ትናገራለች፤ እኛ ዘንድ የሚመሳሰል ስም ስለሚበዛ በአባት ስም ብቻ አንረካም። ከዚያ የማህፀኑን በር አጸዳለሁ። እዚያ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ሽሉን የምናስገባበትን ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተሩን፣ ከደፈነው ወይም ሽሉ ከተጣበቀበት፣ ሽሉ ከካቴተሩ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ለስላሳውን ካቴተር በማህፀኑ በር ሳሳልፍ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ጫፉ የማህፀኑን ጣሪያ መንካት የለበትም፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደዚህ መቆም አለበት። ከነካው ማህፀኑ ይኮማተራል፣ ደምም ሊመጣ ይችላል። የማህፀኑን በር በመቆንጠጫ መያዝም እንዲሁ ይረብሸዋልና ካልተቸገርኩ በቀር አልነካውም።

ጥሩ ትራንስፈር ሴትየዋ «አለቀ እንዴ?» ብላ የምትጠይቅበት ነው።

ሽሉ የሚገባበት ፈሳሽ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው። ስገፋው ስክሪኑ ላይ ነጭ ብልጭታ ይታያል። ባል ክፍሉ ውስጥ ካለ በዚያች ቅጽበት ከወንበሩ ይነሳል፦ «ያ ነው?» አይደለም፤ ከሽሉ አጠገብ ካቴተሩ ውስጥ ያስገባነው የአየር አረፋ ነው። ሽሉ በአልትራሳውንድ አይታይም። አንዳንድ ባልደረቦቼ «አዎ» ብለው ያሳልፉታል፤ ለቤተሰቡም ደስ ይለዋል። እኔ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ያቺ ብልጭታ በስልክ ፎቶ ተነስታ ደጀን ድረስ «የልጃችን ፎቶ» ሆና ከሄደች፣ ሕክምናው ያልሠራ ቀን ቤተሰቡ የሚያለቅሰው ለፎቶው ነው።

ካቴተሩን ቀስ ብዬ አውጥቼ በመስኮቱ እመልሳለሁ። ኤምብሪዮሎጂስቷ አጥባ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። «ንጹሕ ነው» እስክትል ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ሽሉ ተጣብቆ ከተገኘ ወዲያው እንደገና ይገባል፤ በዚህ ምክንያት የመፀነስ ዕድሉ እንደማይቀንስ ታይቷል።

ወደ ዓባይ በረሃ ልመለስ። ሰው ማህፀንን እንደ ባዶ ክፍል ያስበዋል፤ ሽሉም እዚያ ውስጥ ተንጠልጥሎ፣ በሩ ከተከፈተ የሚወድቅ ይመስለዋል። ውስጡ ግን ክፍት አይደለም፤ የፊቱና የኋላው ግድግዳ ተጋጥመው እርጥብ ሆነው ይኖራሉ። ለደጀን ሰው የምነግረው በጤፍ ነው፦ ሁለት ትኩስ እንጀራ ዓይን ለዓይን አጋጥማችሁ በመካከላቸው አንዲት የጤፍ ፍሬ ብታስቀምጡ፣ ሞሰቡን ተሸክማችሁ ቁልቁል ብትሮጡም ፍሬዋ አትወድቅም። ሽሉ ደግሞ ከጤፍ ፍሬም ብዙ እጥፍ ያንሳል። ከገባ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ከልባሱ ወጥቶ ከግድግዳው ጋር መጣበቅ ይጀምራል። የመኪና ንዝረት እዚያ ድረስ የሚያደርሰው ነገር የለም።

መተኛትም እንዲሁ አይጠቅምም። ድሮ ሴቶች ከትራንስፈር በኋላ ለሰዓታት እንዳይነቃነቁ ይደረግ ነበር። ቆይቶ የተኙትና ወዲያው የተነሱት ሲነጻጸሩ መተኛቱ አንዳች ጥቅም አልተገኘለትም፤ እንዲያውም በአንዳንዱ ጥናት የተኙት ውጤት አንሶ ታይቷል። የአሜሪካ የተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያም የአልጋ ዕረፍት አይመከርም ብሏል። «እግሬን ግድግዳ ላይ ልስቀል?» ለምትለኝም፣ «ሽንት ቤት ብሄድ ይወጣል?» ለምትለኝም መልሴ ያው ነው። ስግደትን በተመለከተ ከንስሐ አባቷ ጋር ትማከር፤ በእኔ በኩል ሽሉ ይወድቃል ብዬ አልከለክላትም።

የአይቪኤፍ ሕክምና ሲጀመር የታሰበው የማህፀን ቱቧቸው ለተዘጋ ሴቶች ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ አገር የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ፣ የሉዊዝ ብራውን እናት ችግር ይኸው ነበር። እኛም ዘንድ በጊዜው ያልታከመ ኢንፌክሽን የዘጋው ቱቦ ዛሬም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። አቅም ያለው ባንኮክና ሕንድ ሲሄድ ኖሯል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያውን ማዕከል ከከፈተ ወዲህ ደግሞ፣ ጤፏን ሸጣ የምትመጣ ሴት ቢያንስ ወረፋ የምትይዝበት አገኘች።

ማስረዳቱን የማረዝመው ስለ መንገዱ ብቻ ብዬ አይደለም። ጥሩ የሚመስል ሽል በጥሩ እጅ ገብቶም የማይጣበቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቁ ምክንያት የክሮሞሶም ቁጥር መዛባት ነው፤ ይህም ከሴቷ ዕድሜ ጋር ይጨምራል፣ የሚወሰነውም ሽሉ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ነው። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ፍርድ ይሰጣል፦ ጀሪካን አንሥታ ነው፣ ለልቅሶ ሄዳ ነው፣ ቶሎ ተሳፍራ ነው። «ልጁን ዓባይ በረሃ ላይ ጣለችው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚነገር ማስረጃ ሰሚ አያገኝም። ስለዚህ አስቀድሜ፣ ትራንስፈሩ ሳይደረግ፣ ባል ባለበት እናገራለሁ። አማት ካለችም ስልኩ ስፒከር ላይ ይደረግና «እማማ፣ ባይሳካ እሷ ያደረገችው ነገር አይደለም፤ ይህን ከእኔ ይስሙ» እላለሁ። ዝም ይላሉ አንዳንዴ። ዝምታቸውም ይበቃኛል።

«ሁለት አስገባልኝ» የሚለውን ልመና ግን አልቀበልም። ዕድሜዋ ካልገፋና ሽሉ ጥሩ ከሆነ አንድ ይበቃል። መንታ እርግዝና የደም ግፊትንና ያለ ጊዜ መውለድን ያበዛል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ የሚያስፈልገውን ክትትል በየከተማው አያገኝም።

በመንገዱ የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ ነው። ሽሉ እንዲጣበቅ የሚረዳው፣ በብልት በኩል የሚገባው ፕሮጄስትሮን ሙቀት ይጎዳዋል። ከሻንጣው ጋር ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ የበረሃው ፀሐይ ከሚመታው፣ በእጅ ቦርሳ ተይዞ ቢሄድ ይሻላል። በቅርብ ፋርማሲ ላይገኝ ስለሚችልም እስከ ቀጠሮው የሚበቃትን ይዛ ትሂድ። ከሁሉ በላይ ግን ጥቂት ደም ስታይ «አበቃ» ብላ ብቻዋን እንዳታቋርጠው። ጥቂት ደም በእርግዝና መጀመሪያ ላይም ይታያል፤ ማቋረጧ ግን ይዞ የነበረውን ሊያሳጣት ይችላል። በሽንት ቀድሞ መመርመሩም ያሳስታል፤ እንቁላል ለማብሰል ከተወጋችው መርፌ አንዱ ራሱ እርግዝና መስሎ ሊታይ ይችላልና። ትክክለኛው ከትራንስፈሩ በኋላ ከ9 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ በቀጠሮዋ የሚደረገው የደም ምርመራ ነው። እስከዚያ ጥያቄ ካላት ትደውል። ቁጥሩ በባሏ ስልክ ላይ ብቻ እንዲቀር አልወድም፤ ከመውጣታቸው በፊት በእሷም ስልክ እንመዘግበዋለን።