መግሉ ከደረቀ በኋላ

እከክ ሲያመረቅዝ ዓይን የሚያየው መግሉን ነው፤ የደዌው ሥር ግን ቆዳን እየፈለፈለች እንቁላሏን የምትጥል ረቂቅ ተባይ ናት። ስለዚህ በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ ሕሙማንን የሚያክም ሁሉ፣ የታየው ቁስል ያልታየውን ጠላት እንዳይሰውርበት አስቀድሞ ሊጠነቀቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ድርቅና ስደት የዚህ ደዌ መንገድ ጠራጊዎች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ዝናም በታጎለ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል ድርቅ በመታቸው ወረዳዎች በብርቱ ተዛመተ፤ እንደ ጃራ ባሉ የተፈናቃዮች መጠለያዎችም ብዙ ነፍስ በአንድ ጣራ ሥር ሲያድር፣ ውኃም ከመጠጥ አልፎ ለገላ ሳይተርፍ ሲቀር፣ ተባይቱ ከገላ ወደ ገላ እንዳትሻገር የሚከለክላት አይኖርም። ጻድቁ ኢዮብ ገላውን በገል እንደ ፋቀ ሁሉ፣ ሕሙሙ ሌሊት በሚበረታው ማሳከክ ተጨንቆ እስኪደማ ይፎክታል፤ በተላጠው ቆዳም ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ይገባሉ።

ፈውሱ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ቁስሉ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ የባክቴሪያ መድኃኒት ይጀመራል፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ቁስሉ ረገብ ካለ በኋላ የተባይቱ መድኃኒት ይከተላል፤ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቤንዚል ቤንዞዌት በተላጠ ሥጋ ላይ ክፉኛ ያቃጥላልና። ፐርሜትሪን ከአንገት እስከ እግር ጣት ይቀባል፣ ለጨቅላ ግን ራሱም አይቀርም። አይቨርሜክቲን ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም፤ ለእነርሱ ፐርሜትሪን ወይም የድኝ ቅባት አለ። ሕክምናው ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ሕሙሙ ሕፃን ከሆነ ፊቱ ጧት ጧት ያብጥ እንደሆነ፣ ሽንቱም ይቀላ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው፤ የስትሬፕቶኮከስ ጦስ ከቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳልና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መግሉ የደረቀበት ቀን ነው። እናት «ልጄ ዳነልኝ» ብላ ትቀራለች፤ ታናሹም አያቱም በአንድ ጋቢ ሥር ሆነው፣ ማሳከኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ ሰው ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚዘገይ፣ ጤነኞች መስለው ተባይቱን ያኖሯታል። ስለዚህ ከሕፃኑ ጋር ማን እንደሚተኛ ሳይጠየቅ ማንም አይሸኝ፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ይታከም፤ ልብሱ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ማገዶ ካጠረም በፌስታል ታስሮ ከ3 ቀን በላይ ይቆይ፤ ተባይቱ ከሞተች በኋላም ማሳከኩ ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል ለእናቲቱ በትዕግሥት ይነገራት። እኛም የምናክም ሁሉ ከመጋዘን መድኃኒት ስንጠይቅ፣ ለአንድ ሕሙም ሳይሆን ለአንድ ቤት የሚበቃውን ልንጠይቅ ይገባናል።